የጅቡቲ ቁጥር አልገባ ላለህ ወንድሜ

«ጅቡቲ ያለው ትራንዚተር (ዕቃ ከወደብ የሚያስወጣልኝ ወኪል) የሰጠኝ ስልክ 6 አሃዝ ነው። ከደብረ ብርሃን ስደውል አይገባም። ዜሮ ልጨምርበት ወይስ የከተማ ኮድ አለው?» ላልከው፦ ዜሮ እንዳትጨምር! መቼም ዕቃህ እንደኔ ወደብ ላይ ቆሞብህ ነው የምትጠይቀው። ቶሎ ልንገርህ።

1. ከ253 ቀጥሎ 8 አሃዝ መኖር አለበት። +253 ወይም 00253 ብለህ 8ቱን ትደረድራለህ፣ አለቀ። የከተማ ኮድ የሚባል የለም። ዲኪልም ደውል አሊ ሳቢህ፣ አደዋወሉ ያው ነው። የኛ የደብረ ብርሃን መደበኛ ስልክ 011 681 ብሎ ይጀምርና ከውጭ ሲደወል ዜሮዋ ትቀራለች። እነሱ መጀመሪያውንም ዜሮ የላቸውም።

2. በ77 የሚጀምረው ሞባይል ነው፣ በ21 እና በ27 የሚጀምረው መደበኛ። አንተ የያዝከው የድሮ ቁጥር ነው። በ35 ከጀመረ ፊቱ ላይ 21 አድርግ። በ8 ከጀመረ ሞባይል ነበርና 77 አድርግ።

3. የኔ ብር ያለቀው እዚህ ላይ ነው። የትራንዚተሩ ደብዳቤ አናት ላይ ያለው ቁጥር ባለ 6 አሃዝ ነበር። አልገባ ሲለኝ ያውቃሉ ብዬ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ልጅቷ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ዜሮ ጨምረው ይሞክሩ» አለችኝ። ሞከርኩ፣ ወይ ፍንክች። ተመልሼ ብነግራት «እንግዲያው ስልኩ ተዘግቷል፣ ቀጣይ!» ብላ ሸኘችኝ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ኮንቴይነሩ እዚያ ተቀምጧል፣ ኪራዩ በዶላር ይቆጥራል። መፍትሔው የተገኘው ደብረ ሲና ሻይ ቤት ነው። በጋላፊ ድንበር ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ወረቀቱን ገና ሲያየው «ጋሼ፣ 21 ይጎድለዋል» አለኝ። ወዲያው ጠራ! ትራንዚተሩ ደግሞ አያፍርም፣ «ምነው ጠፉ?» ይለኛል። ቁጥሩን ለምን አላስተካከላችሁም ብለው «የድሮው ወረቀት ስላላለቀ ነው» አይለኝም መሰለህ! ከኪራዩ ግን አምስት ሳንቲም አልቀነሱልኝም። ዛሬ የሰፈራችን የመኪና ባለቤቶች ጅቡቲ መደወል ሲያቅታቸው የሚመጡት ወደኔ ነው።

ሹፌርህንም ጋላፊን ካለፈ በኋላ በ09 ቁጥሩ ስትፈልገው አትዋል። የጅቡቲ ሲም የሚያወጣ ከሆነ የ77 ቁጥሩን ቀድመህ ተቀበለው። ስትጽፍም ተጠንቀቅ፣ 252 ብለህ ከሳትክ ሶማሊያ ትገባለህ፣ 254 ኬንያ ነው። አርብ ቢሮ ደውለህ ማንም ባያነሳ ደግሞ አትናደድ፣ የዕረፍት ቀናቸው ነው። እሁድ ይሠራሉ።

አሁንም እንቢ ካለህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች ብቻ ጻፍልኝ። ሙሉውን ቁጥር እዚህ እንዳትለጥፈው።