ከጥንድ ኮከቦች የሚመጣ ኒውትሪኖ

ጥያቄ፦ በመሐል ሜዳ የምኖር የፊዚክስ መምህር ነኝ። አንዳንድ ጥንድ ኮከቦች ከፍተኛ ኃይል ያለው ኒውትሪኖ (ቁስን ሰንጥቆ በቀላሉ የሚያልፍ እጅግ ቀላል ቅንጣት) ሊያመነጩ እንደሚችሉ፣ ፍለጋውም በደቡብ ዋልታ በረዶ ውስጥ እንደሚካሄድ አንብቤአለሁ። እኛ በሰሜን በኩል የምናየው ኮከብ ከደቡብ ዋልታ እንዴት ይፈለጋል? እስካሁንስ ተገኝቷል?

መልስ፦ ክረምቱ አልፎ የመንዝ ሰማይ ሲጠራ፣ በመስከረም ማለቂያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ሰሜን ቀና ቢሉ ሲግነስ የተባለውን የከዋክብት ስብስብ ያገኙታል። በውስጡ ያለው ሲግነስ ኤክስ-1፣ ከፀሐይ 21 እጥፍ ገደማ የሚከብድ ጥቁር ጉድጓድና አንድ ግዙፍ ሰማያዊ ኮከብ በ5.6 ቀን አንድ ዙር የሚዞሩበት ጥንድ ነው (ኮከቡን በጥሩ ባይኖኩላር ማየት ይቻላል)። ከኮከቡ ተስቦ ወደ ጥቁር ጉድጓዱ ከሚወርደው ቁስ ከፊሉ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች ተፈናጥሮ ይወጣል፤ በዚያ የተጣደፉ ፕሮቶኖች ከሌላ ቁስ ጋር ሲጋጩ ፓዮን የተባለ ዕድሜው አጭር ቅንጣት ይፈጠራል፣ ፓዮኑ ሲፈርስም ኒውትሪኖ ይወጣል። ጋማ ጨረርን ኤሌክትሮንም ሊያመነጨው ስለሚችል፣ ፕሮቶን በዚያ መጣደፉን በእርግጠኝነት የሚመሰክረው ኒውትሪኖ ነው።

ይህ የሰማይ ክፍል ከደቡብ ዋልታ ሁልጊዜ ከአድማስ በታች ነው፤ ፍለጋውን የሚያግዘውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ግንባታው ያለቀው፣ በደቡብ ዋልታ በረዶ ውስጥ የተቀበረው የኒውትሪኖ መመልከቻ አይስኪውብ ከ1,450 እስከ 2,450 ሜትር ጥልቀት በተዘረጉ 5,160 የብርሃን መቀበያዎች፣ ኒውትሪኖ ከበረዶው ጋር ተጋጭቶ የሚፈጥረው ሙዮን (ኤሌክትሮንን የሚመስል ግን የከበደ ቅንጣት) የሚረጨውን ደካማ ሰማያዊ ብርሃን ይጠብቃል። ከከባቢ አየር የሚወለዱ ሙዮኖች ከላይ በየሰከንዱ በሺዎች ስለሚወርዱ ከዚያ በኩል የሚፈለገውን መለየት ያስቸግራል፤ ከታች ወደ ላይ የሚመጣ ሙዮን ግን መሬትን ሰንጥቆ ካለፈ ኒውትሪኖ በቀር ሌላ ወላጅ የለውም። ይሁንና በከባቢ አየር የተወለዱ ኒውትሪኖዎችም ይህንኑ ወንፊት ያልፋሉ። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ አቅጣጫን ብቻ ሳይሆን ጊዜንም ያመሳክራሉ፤ ጥንዱ በኤክስሬይ በደመቀበት ወቅት ኒውትሪኖው በዝቶ እንደሆነ ያያሉ።

ሁለተኛው ጥያቄዎ አጭር መልስ ነው ያለው፦ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው የ7.5 ዓመት ያህል መረጃ ምርመራ ጎላ ብሎ የታየው በዚያው የከዋክብት ስብስብ ያለ ቪ404 ሲግነስ የተባለ ሌላ ጥንድ ቢሆንም፣ የተፈተሹት ጥንዶች ብዛት ሲታሰብ ያ ጉላት በአጋጣሚ ከሚጠበቀው የዘለለ አልነበረም፤ ብዙ ሰው ሎተሪ ከቆረጠ ለአንዱ መድረሱ እንደማያስገርም ማለት ነው። ውጤቱ ግን እነዚህ ጥንዶች ከስንት በላይ ኒውትሪኖ ሊልኩ እንደማይችሉ ጣሪያ አስቀምጧል።