ኪዌይ ሲቆረጥ ኢንሰርት ለምን ይሰበራል?

ከጎንደር አዘዞ አንድ ወጣት እንዲህ ብሎ ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ የወፍጮ ሻፍት ላይ ኪዌይ (ኪው የሚባለው ማያያዣ ብረት የሚቀመጥበት ቦይ) በሚሊንግ ማሽን እየቆረጥኩ ነው። ሻፍቱ 70 ሚሊሜትር ነው፣ ብረቱ ሲ45 (መካከለኛ ካርቦን ያለው)። ካተሬ (መቁረጫዬ) 20 ሚሊሜትር፣ ባለ ሁለት ኢንሰርት (ተቀያሪ የካርባይድ ጥርስ)፣ የኢንሰርቱ ዓይነት ኤፒኤምቲ 1135። ስፒዱን በደቂቃ 1400 ዙር፣ ፊዱን (ጠረጴዛው የሚሄድበትን ፍጥነት) በደቂቃ 40 ሚሊሜትር አድርጌ 7.5 ሚሊሜትሩን ጥልቀት በአንዴ ገባሁበት። ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) በብሩሽ እቀባው ነበር። ግማሽ ሳይደርስ ያፏጫል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ቀጭ! ሁለት ኢንሰርት በላብኝ። ስፒዱን ልቀንስ? ወይስ ሞተሩ ደክሞ ነው?»

ወንድሜ፣ ሞተሩን ተወው። እርግጥ ሞተር ላይ የሚጻፈው ኪሎዋት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ጎንደር ከ2,000 በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም። ግን ከታች የምነግርህ አሠራር ከግማሽ ኪሎዋት ብዙም አይፈልግም።

ስፒዱም ጥፋተኛ አይደለም። 3.14 በ20 በ1400 አባዛና ለ1000 አካፍል፤ 88 ይመጣል። የካተሩ ጠርዝ በደቂቃ 88 ሜትር ይሮጣል ማለት ነው። የኢንሰርቱ ፓኬት ላይ በሰማያዊው የብረት መስመር የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። እሱ ግን ንቅንቅ ለማይል ማሽን ነው። ለእኛ አሮጌ ሚሊንጎች ከ70 እስከ 100 ደህና ነው።

ነገሩ ያለው 40 ላይ ነው። 40ን ለ1400 አካፍል፣ የመጣውን ደግሞ ለሁለቱ ጥርስ አካፍል። 0.014 ሚሊሜትር። አንድ ጥርስ በአንድ ዙር የሚነክሰው ይቺን ነው። የራስህ ፀጉር እንኳ ከዚህ ይወፍራል። እስቲ አዲስ ኢንሰርት አንስተህ በማጉያ መነጽር እየው። ጠርዙ እንደ ምላጭ የሰላ አይደለም። ቶሎ እንዳይሸረፍ ፋብሪካው ሆን ብሎ ትንሽ አክብቦታል። ንክሻህ ከዚያ ክብነት ካነሰ ኢንሰርቱ ብረቱን አይቆርጠውም፣ ያሸዋል። ያ ፉጨት የማሸት ድምፅ ነው። ሙቀቱም ከፍቅፋቂው (ተቆርጦ ከሚወጣው ብረት) ጋር መውጣት ሲገባው ኢንሰርቱ ላይ ይቀራል።

ለምን 40 እንዳደረግክ ይገባኛል። አብዛኞቻችን ያደግነው ቶርኖ (ብረቱ ራሱ የሚሽከረከርበት ማሽን) ላይ ነው። ስንፈራ እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ፊዱን ለመቀነስ ነው። ደግሞ ቶርኖ ላይ የፊዱ ቁጥር በዙር ነው፣ ሚሊንግ ላይ ግን በደቂቃ። ስለዚህ 40 ሲባል ብዙ ይመስላል። እኔም አንድ ጊዜ የሰሊጥ ማበጠሪያ ሻፍት ይዤ፣ ወደ መተማ የሚጭነው መኪና በር ላይ ቆሞ፣ እየፈራሁ ፊዱን ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ ሳደርግ የነበረኝን ኢንሰርት ሁሉ ጨርሻለሁ። ሾፌሩ ጥሩንባውን እየነፋ፣ እኔ ላቤ እየተንጠፈጠፈ። ሌላ ኢንሰርት ከመርካቶ እስኪመጣ ሥራው ቆመ።

መቀነስ ያለበት ጥልቀቱ ነው። ስፒዱን 1400 ላይ ተወውና ፊዱን 250 አድርገው። ንክሻው ወደ 0.09 ይመጣል። ጥልቀቱን በየጊዜው 1.5 አድርግ፤ አምስት ጊዜ ስትመላለስ 7.5 ሞላልህ። ጊዜ ይበላብኛል ካልክ አስላው። ቦይህ 120 ሚሊሜትር ቢሆን በ40 ፊድ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። በ250 ግን አንዱ ጉዞ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም፤ አምስቱ ተደምረው ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ናቸው። መመለሻውን ጨምረህ ያው እኩል ነው፣ ኢንሰርቱ ግን ይተርፋል።

ቦይ ከሌላው ሚሊንግ የሚከፋበት ምክንያት አለ። ካተሩ በሙሉ ስፋቱ ተቀብሯል፣ ፍቅፋቂው መውጫ የለውም። 7.5 ሲጠልቅ እዚያው ታች ይጠራቀምና ጥርሱ ያንኑ ደግሞ ይፈጨዋል። ያ «ቀጭ» ያልከው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው። መድኃኒቱ አየር ነው። የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ካተሩ ሥር አስረህ ያለማቋረጥ ንፋ። መነጽርህን ግን አደራ።

ብሩሹን ደግሞ አስቀምጠው። ቦይ ውስጥ ጥርሱ ግማሹን ዙር ብረት ውስጥ ነው፣ ግማሹን ውጭ። እንዲሁም ይግላል ይቀዘቅዛል። አንተ በላዩ ላይ አንዴ ኩላንት፣ አንዴ ምንም ስትለው ካርባይዱ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ካርባይድ ብረት ላይ ደረቁን ይሥራ። ፍቅፋቂው ወደ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ቢያደላ አትደንግጥ፤ ሙቀቱ ከእሱ ጋር ወጣ ማለት ነው። ዱቄት ከሆነ ግን አሁንም እያሸህ ነው።

ካተሩን የቻልከውን ያህል አሳጥረህ ያዝ። ከኮሌቱ (ካተሩን ከያዘው) የወጣው ርዝመት እጥፍ ሲሆን መተጣጠፉ ስምንት እጥፍ ነው። ጠረጴዛው የማይንቀሳቀስበትን ጎን ሁሉ ቆልፈው።

አንድ ያልጠየቅከኝን ልጨምር። ለ70 ሚሊሜትር ሻፍት ኪው 20 በ12 ነው፣ የቦዩ ስፋት ደግሞ በተለመደው አገጣጠም ከ19.948 እስከ 20.000 ነው። በ20 ካተር አንዴ ብትሄድበት ትንሿ ወልገድ እንኳ ቦዩን ታሰፋዋለች። ኪው ይላወሳል፣ ወፍጮው በየቀኑ ይደበድበዋል። የኢንሰርቱ ማዕዘን ደግሞ ብዙ ጊዜ 0.8 ራዲየስ ስላለው ኪው ታች በደንብ ላይቀመጥ ይችላል። እኔ ብሆን መሃሉን ባለ 16 የኢንሰርት ካተር በዚያው 1400 እና 250 አወጣዋለሁ። ግራና ቀኝ የሚቀረውን ሁለት ሁለት ሚሊሜትር ባለ 16 ኤችኤስኤስ (ሃይ ስፒድ ስቲል) ካተር፣ በ500 ዙር እጠርገዋለሁ፤ ለእሱ ኩላንቱ ይሁን። የጠረጴዛህ ቪቴ ከተበላ ጥርሱ ፊዱን የሚጋፈጥበትን አቅጣጫ ምረጥ፣ አለዚያ ሥራውን ይጎትተዋል።

ቦይህ ከሻፍቱ ጫፍ የማይጀምር ከሆነ ደግሞ በኢንሰርቱ ካተር ቀጥ ብለህ አትውረድ፤ መሃሉ አይቆርጥም። መውረጃውን መሃሉ በሚቆርጥ ባለ ሁለት ጥርስ ኤችኤስኤስ አብጅለት።

ኢንሰርት ስትቀይር ሁለቱንም አብረህ አዙር። አንዱ አሮጌ አንዱ አዲስ ከሆነ ሥራው ሁሉ በአንዱ ላይ ይወድቃል። ከመግጠምህ በፊት መቀመጫውን በጨርቅ ጥረገው፣ ቪቴውንም በራሱ ቁልፍ እንጂ ባገኘኸው ካቻቪቴ አትታገለው።