ጥያቄና መልስ፦ እንግዳ ሲመጣ ሰው ላይ ስለሚዘል ጎረምሳ ውሻ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ውሻ ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ከመጡት አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ያረፉ ናቸው፦ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰው ላይ የሚንጠላጠል ወጣት ውሻ። ስለዚህ ዛሬ እዚሁ ላይ እንቆይ። ጠያቂዎቹ ሁሉ የጅማ ልጆች ስለሆናችሁ መልሱም ለእኛው ግቢና ለእኛው ኑሮ እንዲሆን አድርጌዋለሁ።

ከሄርማታ፦ ውሻዬ 9 ወሩ ነው። ከውጭ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ከሰማ አለቀ። ይዘላል፣ ልብስ ይጎትታል፣ ፊት ይልሳል። ብቆጣውም ብመታውም ባሰበት። ባለጌ ሆኖ ይሆን?

ባለጌ አይደለም ወንድሜ፣ ሰላም እያለ ነው። ቡችላ እናቱን የሚቀበላት አፏን እየላሰ ነው። የሰው ፊት ደግሞ ከፍ ያለ ነው፤ ለመድረስ መዝለል ግድ ይሆንበታል። ትንሽ ሳለ ሲዘል "የኔ ቆንጆ" እያልን አቅፈነዋል። አድጎ 20 ኪሎ ሲሆን ያንኑ ቢያደርግ እንጮህበታለን። እሱ ምን እንደተለወጠ በምን ይወቅ?

ስትገፋው ጨዋታ ይመስለዋል። ስትጮህ አብረኸው የጮህክ ይመስለዋል። ዱላው ግን ከሁሉም የከፋ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚመታ ውሻ እንግዳንና ሕመምን ያገናኛል። ዛሬ በደስታ የዘለለው ነገ ፈርቶ ሊነክስ ይችላል። ዱላውን ዛሬውኑ ተው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በሩን ከመክፈትህ በፊት ውሻውን በገመድ በረንዳው ቋሚ ላይ እሰረው። እንግዳው የሚያልፍበት መንገድ ላይ አይሁን፣ ግን ይየው። እንግዳው ቀስ ብሎ ይጠጋል። የውሻው የፊት እግሮች ከመሬት ሲነሱ፣ ቃል ሳይተነፍስና ዓይኑን ሳያይ ዞሮ ይመለስ። አራቱም እግሮች መሬት ሲነኩ እንደገና ይጠጋ። መጀመሪያ ላይ መመላለሱ ይበዛል። ውሻው ያላዝናል፣ ገመዱን ይወጥራል። ቆይቶ ግራ ይገባዋል፤ አንዴ አንተን አንዴ እንግዳውን ያያል። ከዚያ ቂጡን መሬት ያሳርፋል። ያቺ ሰከንድ እንዳታመልጥህ! ቁራሽ ሥጋውን ወዲያው ስጠው፣ ከአገጩ ዝቅ አድርገህ። እጅህን ከፍ ካደረግክ ራስህ እያዘለልከው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመሻሉ በፊት ሊብስበት ይችላል። እስከ ዛሬ መዝለል ሲሠራለት ቆይቶ ድንገት እምቢ ሲለው አጠንክሮ ይሞክራል። ብዙ ሰው "አልሆነም" ብሎ የሚተወው እዚች ላይ ነው። አትተው።

ከመንደራ ቆጪ፦ እንግዳን "ዞር በልልኝ፣ ተመለስ" ማለት ነውር አይሆንም ወይ?

ነውር ነው፤ ስለዚህ በእውነተኛ እንግዳ አትለማመጂ። ልምምዱ የቤተሰብ ነው። አንዱ ልጅሽ ወጥቶ ያንኳኳ፣ ድምፁን ቀየር አድርጎ "ቤቶች!" ይበል። ቀጥሎ የምትቀራረቢያትን ጎረቤት አስቸግሪ። እውነተኛ እንግዳ ወይም ሽማግሌ የሚመጡ ከሆነ ግን ውሻው አስቀድሞ ጓሮ ይግባ፣ የሚያኝከው ነገር ይሰጠው። እንዲህ ማድረግ ሽንፈት አይደለም። አንዴ በዘለለ ቁጥር መዝለሉን እየተለማመደ ስለሆነ፣ ዕድሉን መንፈጉ ራሱ ግማሽ ሥልጠና ነው።

ከጊንጆ፦ ጎረቤቶቼ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ለቡና ሲመጡ በውሻው እሳቀቃለሁ። ምን ላድርግ?

መሳቀቅሽ ተገቢ ነው። የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ከነካው ብዙዎቹ ከሶላት በፊት ማጠብ አለባቸው። እነሱ አክብረውሽ ዝም ቢሉም አንቺ አስቢላቸው። ቡና በሚፈላበት ሰዓት ደግሞ ሌላም ጉዳይ አለ፦ ፍሙ፣ የፈላው ጀበና፣ ረከቦቱ ሁሉም መሬት ላይ ነው። የውሻ አንድ ዝላይ ሕፃን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ በቡና ሰዓት ውሻው ሳሎን አይገባም፣ አለቀ። እንግዶችሽም ውሻው መታሰሩን ከበር ሆነው ይስሙ፤ ሰው ተረጋግቶ የሚገባው ያኔ ነው።

ከጅሬን፦ ውሻውን ያመጣሁት ለጥበቃ ነው፤ ከጥዋት እስከ ማታ በሰንሰለት ይውላል። ይህን ካስተማርኩት ማንንም የሚቀበል ፈሪ አይሆንብኝም?

አይሆንም። ሌሊት አጥር አካባቢ ኮቴ ሰምቶ ወይም ጅብ ሸቶት መጮህ ሌላ፣ አንተ ራስህ በር ከፍተህ ባስገባኸው ሰው ላይ መንጠላጠል ሌላ። እንዲያውም አንተን ማየት የለመደ ውሻ የተሻለ ጠባቂ ነው፤ ዝም በል ስትለው ይሰማሃል።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ከጥዋት እስከ ማታ በሰንሰለት እንደሚውል ጽፈሃል። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ ጉልበቱን የሚያወጣበት የለውም፤ ሲፈታ ያገኘው ሰው ላይ ነው የሚያራግፈው። ጥዋት ባጃጁ ሳይበዛ በገመድ ይዘኸው ውጣ። ዝናቡ ካላስወጣህ (የጅማ ክረምት እንደሆነ አያልቅም) የዳቦ ፍርፋሪ በረንዳው ላይ በትንለትና እያሸተተ ይልቀም። ማሽተት ውሻን ያደክመዋል፣ ያረጋጋዋልም።

ከቦሳ ቂጦ፦ የእኔዋ አትዘልም፣ ግን ሰው ሰላም ሲላት ሽንቷ ያመልጣታል።

ወጣት ውሾች ላይ የተለመደ ነው። በደስታ ወይም በፍርሃት የሚመጣ እንጂ ሆን ብላ ያደረገችው አይደለም፣ ስለዚህ እንዳትቆጣት። እንግዳው ከላይ አያጎንብስባት። ጎኑን ሰጥቶ ቁጢጥ ይበልና እሷ ትምጣ። አብዛኞቹ ሲያድጉ ይተዉታል። ሰው በሌለበትም ቶሎ ቶሎ የምትሸና ከሆነ ግን ለእንስሳት ሐኪም አሳያት።

ሌላ ጠያቂ፦ የጎረቤት ልጅ ላይ ሲዘል በጥፍሩ ጫረው፣ ትንሽ ደም ወጣ። ልጁ ደህና ነው። ልተወው?

አትተወው! ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ሳይታይ በክትባት መከላከል ግን ይቻላል። ባህላዊ መድኃኒት እየሞከራችሁ ቀን አታሳልፉ። ውሻህ መቼ እንደተከተበም ለሐኪሙ ንገር። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፣ በዓመቱ ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የእንስሳት ሐኪሙ ይነግርሃል። ካላስከተብከው ሥልጠናው ይቆይ፣ ክትባቱ ይቅደም።

ልጆችን ደግሞ አንድ ነገር አስተምሯቸው፦ ውሻ ሲመጣባችሁ አትሩጡ፣ አትጩሁ፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣጥፋችሁ ዝም ብላችሁ ቁሙ። የሚሮጥና የሚጮህ ልጅ ለጎረምሳ ውሻ የጨዋታ ጥሪ ነው።

ለሽልማት ምን ልስጠው? የተረፈ ወጥ ይሆናል?

ወጥ አይሆንም። ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፣ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት የለም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። በዓል ሲታረድ ጥሬ ሳንባና ጉበት መወርወሩም ይቅር፤ ከእሱ የሚይዘው ትል ወደ ሰው ይተላለፋል። ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋ፣ የጥፍር ያህል እየቆረጡ መስጠት ይበቃል።

ማኮላሸት መዝለሉን ያስተወዋል?

ብቻውን አያስተወውም። ሌላ ጥቅም አለው፣ ሰላምታ ግን በልምምድ ነው የሚስተካከለው።

የመጨረሻው፣ ከአንዲት እህት፦ እኔና ልጆቹ በደንብ ይዘነዋል። ባለቤቴ ግን ከሥራ ሲገባ ራሱ ደረቱን እየመታ "ና!" ብሎ ያዘልለዋል። ናፍቆኝ ነው ይላል።

ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው እህቴ። አምስት ሰው ከልክሎ አንድ ሰው ከፈቀደ ውሻው መሞከሩን አያቆምም፤ አንዳንዴ የሚሳካ ነገር ይበልጥ ያጓጓዋል። ግን ባለቤትሽን ደስታውን አትከልክይው፣ ቦታውን ብቻ ቀይሪለት። ሲገባ በሩ ላይ ዝም ይበል። ውሻው ቁጭ ሲል ቁራሹን ይስጠው። ከዚያ ጓሮ ወስዶ ኳስም ይወርውርለት፣ አብሮትም ይሩጥ። ዛሬ ማታ ይጀምር፤ ቁራሹን አንቺ በሩ አጠገብ ባለው መስኮት ላይ አስቀምጪለት።