ለሱቅ ሶፍትዌር ኤሌክትሮን ወይስ ታውሪ?
ወንድሜ፣ ሪአክት (የዌብ ገፅ መስሪያ ላይብረሪ) እችላለሁ፣ ለሱቅ የስቶክና የሽያጭ ሶፍትዌር ልሰራ ነው፣ ኔት ቢጠፋም መስራት አለበት፣ በኤሌክትሮን ነው በታውሪ (ሁለቱም በዌብ ኮድ የኮምፒውተር አፕ መስሪያ ናቸው) ልስራው ላልከው፣ እኔ ሁለቱንም ለደንበኛ ሰርቼባቸዋለሁ፣ ላንተ ስራ ኤሌክትሮን ነው የምልህ።

ሰው ሁሉ ኤሌክትሮን ከባድ ነው ይላል፣ እውነት ነው፣ ክሮሚየምንም (የክሮም ብራውዘር መሰረት) ኖድ ጄኤስንም (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጪ የሚያሰራው) ተሸክሞ ስለሚመጣ ባዶው አፕ ራሱ ከ100 ሜጋ በላይ ነው፣ ታውሪ ደሞ ጥቂት ሜጋ ናት። ግን በፍላሽ ሄደህ ለምትጭነው ነገር ይሄ ምን ያደርግልሃል? ታውሪ የቀለለችው እኮ የራሷ ብራውዘር ስለሌላት ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ዌብቪው 2ን (የማይክሮሶፍት ኤጅን ሞተር) ነው የምትጠቀመው። 11 ላይ አብሮ አለ፣ 10 ላይ ግን አፕዴት ተዘግቶበት የከረመ ማሽን ከሆነ ላይኖር ይችላል፣ ኢንስቶለሩ ደሞ ካልቀየርከው ከኔት ላውርድ ይልሃል፣ ሱቁ ውስጥ ኔት የለም፣ በቃ ቆመሃል። የዌብቪው 2ን ኦፍላይን ኢንስቶለር አብረህ ልታሽገው ትችላለህ፣ ግን እሱም ብቻውን ከ100 ሜጋ በላይ ስለሆነ የሸሸኸው ክብደት ዞሮ መጣብህ ማለት ነው።

ሌላው ፕሪንት ነው፣ ይሄን ማንም ቀድሞ አይነግርህም። ካሸሯ ፊት ሰው ተሰልፎ እያለ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ የፕሪንት መስኮት ብቅ እያለ ኦኬ በይ ካላት በሁለተኛው ቀን ይደወልልሃል። ኤሌክትሮን ላይ ሳይለንት የሚለውን ኦን አድርገህ ፕሪንተሩን በስሙ ትጠራዋለህ፣ ምንም ሳይጠይቅ ይወጣል።

ዳታውን ሎካል ስቶሬጅ ላይ እንዳታስቀምጥ፣ ኤስኪውላይት (በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ዳታቤዝ) አድርገው፣ ፋይሉንም የዩዘሩ አፕ ዳታ ፎልደር ውስጥ። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ካደረግከው አንተ ጋ በአድሚን ከፍተህ ይሰራል፣ እነሱ ጋ ሴቭ አልል ይላል። ኤስኪውላይቱን ለኤሌክትሮንህ ቨርዥን ሪቢልድ ማድረግም (እንደገና ኮምፓይል) አለብህ፣ አለበለዚያ የሞጁል ቨርዥን አይገጥምም የሚል ኤረር ነው። የአማርኛ ፎንትም አብረህ አሽግ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ አለልህ። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማሳየት ደሞ ላይብረሪ አትፈልግ፣ ክሮሚየም ራሱ ያውቀዋል።

ዊንዶውስ 7 ካጋጠመህ (አይቀርም)፣ ኤሌክትሮን ከ23 ጀምሮ 7ንም 8ንም ትቷል፣ የመጨረሻው 22 ነው፣ ሴኩሪቲ አፕዴትም የለውም፣ ስለዚ ከኔት የመጣ ገፅ በፍፁም እንዳትከፍትበት። ኮድ ሳትጀምር ሱቁ ሄደህ የማሽኖቹን ዊንዶውስ፣ ራምና የፕሪንተሩን ሞዴል ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፈው፣ አይቼ እነግርሃለሁ።