ባናዌ ደርሶ ባታድን ሳያዩ መመለስ

እህቴ፣ «ለስልጠና ፊሊፒንስ ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ የኢፉጋዎን የሩዝ እርከን አይቼ ወደ ማኒላ መመለስ እችላለሁ ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ ትችያለሽ ያሉሽ አልዋሹም። እኔም በአንድ ቅዳሜ «አይቼ» ተመልሻለሁ። ምን እንዳየሁ ልንገርሽ።

1. ከማኒላ ወደ ባናዌ የሌሊት አውቶቡስ ያዢ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጋቢ ካለሽ ይዘሽ ግቢ፤ ማቀዝቀዣውን የሚያጠፋልሽ የለም። እኔ ፎጣ ለብሼ ነው ያደርኩት።

2. ባናዌ ከተማ እንዳትቀሪ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይሄን ያዢ።

መጀመሪያ ስሄድ ባጃጅ የምትመስል ነገር ላይ ዋጋ ሳልነጋገር ተሳፍሬ መመልከቻው ጋ ወጣሁ። (ስንት እንዳስከፈለኝ አልናገርም።) ፎቶ ተነሳሁ፣ «የዩኔስኮ ቅርስ!» ብዬ ለጠፍኩ፣ ማታውኑ ተመለስኩ። ሰኞ አንድ ፊሊፒናዊ የስልጠና ጓደኛዬ ፎቶውን አይቶ በሳቅ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመዘገቡት አምስት ቦታዎች ናቸው አለኝ፦ ባታድ፣ ባንጋአን፣ ማዮያኦ፣ ሁንግዱዋን እና ናጋካዳን። እኔ የቆምኩበት ከአምስቱ የለበትም! ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ሲዘራ እያየሁ ያደግኩ ሰው እንዲህ ልሸወድ?

የሚያናድደው፣ እዚያው ከተማ የመረጃ መስኮት ላይ ስለ ባታድ ጠይቄ ነበር። ሴትዮዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «ሩቅ ነው» አለችኝ። ሩቅ ያለችው የአንድ ሰዓት መኪናና ትንሽ የእግር መንገድ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ሄድኩ። ባታድ ተራራው ራሱ እንደ ስታዲየም ክብ ሠርቶ፣ ከታች እስከ ላይ ደረጃ በደረጃ ውሃ ይዟል። አንድ ሽማግሌ የተናደ ካብ ይጠግኑ ነበር። ድንጋዩን ያነሳሉ፣ ያገላብጣሉ፣ ፊቱን ይፈልጋሉ፣ ካልገጠመ ይወረውሩታል። ሲሚንቶ የሚባል የለም። ኮንሶ ያየሁት እጅ ነው የመሰለኝ። ውሃው የሚመጣው ከእርከኑ በላይ ካለው ሙዮንግ ከሚሉት ደን ነው። ቤተሰብ የየራሱን ይጠብቃል። ደኑ ከተመነጠረ ሩዙም የለም። ወጣቱ ወደ ከተማ እየሄደ ካቡን የሚጠግን ስለጠፋ ነው ቦታው እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2012 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ የገባው። ይሄ አንዱ ምክንያት ነው፣ ሌላም አለ።

3. አስጎብኚሽ «2000 ዓመቱ ነው» ይልሻል። የመሬት ቁፋሮ ጥናቶች ግን የውሃ ሩዙ የ400 ዓመት ገደማ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ጎደሬ ይተከል እንደነበር ያሳያሉ። እኔ ይሄን ብዬ ተከራክሬ ግማሽ ቀን ያኮረፈ ሰው ተከትዬ ዋልኩ። አንቺ ዝም በይ።

4. የካቡ አናት ነው መንገዱ። ጫማሽ የሚያንሸራትት እንዳይሆን። እኔ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው ወርደው የረገጥኩባቸውን ችግኝ አንድ በአንድ አቀኑ። በዚያ ነው ያፈርኩት።

ስለዚህ ዓርብ ማታ ተሳፈሪ። ቅዳሜ ጠዋት ባናዌ ስትደርሺ ዋጋ ተነጋግረሽ በቀጥታ ወደ ባታድ። እዚያው እደሪ፣ እሁድ ማታ ተመለሺ። መስኮቷ ጋ ምንም አትጠይቂ።