ለልጄ ሠርግ ጥርሴ ይደርስልኛል?

ጥያቄ

ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ51 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዳማ ገበያ ውስጥ ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገልብጦ የላይኛው የፊት ጥርሴ ከነሥሩ ወለቀ። ከዚያ ወዲህ ስስቅ አፌን በነጠላዬ እሸፍናለሁ። በጥር ልጄን እድራለሁ። አንድ ክሊኒክ ግራና ቀኙን ጥርስ ሞርደን በእነሱ ላይ የሚደገፍ ድልድይ እንሥራልዎት አለኝ፤ ሌላው አጥንት ውስጥ የሚተከለው ይሻላል አለኝ። ጎረቤቶቼ ደግሞ አጥንት ውስጥ የገባ ብረት ካንሰር ያመጣል ብለው አስፈራሩኝ። ስኳር ከያዘኝ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ያደግሁት ወንጂ ስለሆነ ጥርሴ ቡናማ ነው፤ አንዱ ብቻ ነጭ ሆኖ መሳቂያ እንዳልሆን እሰጋለሁ። ምን ይመክሩኛል?

የሙሽራዋ እናት፣ ከአዳማ

መልስ

እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርዎት፤ የሚተከለው ጥርስ ለጥር አይደርስም። ደብዳቤዎ እጄ የገባው በመስከረም መጨረሻ ነው። በላይኛው መንጋጋ የተተከለ፣ እንደ ሥር ሆኖ ጥርሱን የሚሸከም ብሎን ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሃድ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል። በዚያ ላይ ጥርሱ ከወለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጥርስ የሌለበት አጥንት እየሟሸሸ ይሄዳል፣ ይልቁንም በመጀመሪያው ዓመት። የፊት ጥርስን በከንፈር በኩል የሚደግፈው አጥንት ደግሞ ድሮም እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ነው፤ ብዙ ሰው ላይ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በሲቲ ስካን ታይቶ ሳስቶ ከተገኘ አስቀድሞ አጥንት መጨመር ያስፈልጋል፤ ይህም ተጨማሪ ወራት ይወስዳል።

አጥብቄ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ አባት ለልጃቸው ሠርግ ቸኩለው ለመኑኝ። እኔም ልቤ ራርቶ፣ ብሎኑ አጥንቱን ሳይዝ ቋሚውን ጥርስ ጫንኩበት። ሠርጉ ካለፈ በአሥራ አንደኛው ቀን ተመልሰው መጡ። በሁለት ጣቴ ስይዘው ተነቃነቀ፤ ያለ ማደንዘዣ ወጣ፤ ሥር ያልሰደደ ችግኝ እንደ መንቀል ነበር። ሰውየው አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ያን ብሎን እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አኑሬዋለሁ፤ የቸኮለ ሰው በመጣ ቁጥር አውጥቼ አሳየዋለሁ።

ለሠርጉ ግን አፍዎን በነጠላ አይሸፍኑም። አንድ ጥርስ ያላት ተነቃይ ፕሌት በሁለትና በሦስት ቀጠሮ ትሠራለች፤ ዋጋዋም ከሚተከለው ጋር አይወዳደርም። ቢያንስ ከሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀድመው ያሠሯት። ላንቃ ላይ ስለምታርፍ መጀመሪያ «ሰ» እና «ተ» ይኮላተፋሉ፣ ምራቅም ይበዛል። ቤትዎ ውስጥ ጮክ ብለው ያንብቡ፤ እልልታውንም ከወዲሁ ይሞክሩት። ምላስ እስኪለምዳት ድረስ እልልታ ያስቸግራል፤ የሙሽራ እናት ደግሞ ያለ እልልታ አትሆንም። ሲተኙ አውጥተው ውኃ ውስጥ ያስቀምጧት።

የቀሩትን ወራት ለስኳርዎ ያውሏቸው። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ ያሠሩ። ውጤቱ 7 በመቶ አካባቢ ከሆነ፣ ስኳር ስላለብዎት ብቻ ተከላ አይከለከሉም። 9 እና 10 ከሆነ ግን ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ድዱ በቀላሉ ያመረቅዛል፣ ብሎኑም የመክሸፍ ዕድሉ ይጨምራል። እኔ እንዲህ ባለ ውጤት አልተክልም፤ እተክላለሁ የሚልዎትን ባለሙያም ደግመው ይጠይቁት።

ለጎረቤቶችዎ ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ። ብሎኑ የሚሠራው ቲታኒየም ከሚባል የብረት ዓይነት ነው። ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮንማርክ በ1952 እ.ኤ.አ. አጥንት እንዴት እንደሚድን ለማጥናት በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ የቲታኒየም መሣሪያ አስገባ። ጥናቱን ጨርሶ ሊያወጣው ሲሞክር አጥንቱ ይዞ አልለቅ አለው። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚያ ነው። በ1965 ጎስታ ላርሰን ለተባለ ሰው ታችኛው መንጋጋ ውስጥ ተከለለት፤ ሰውየው በ2006 እስኪሞት ድረስ ከ40 ዓመት በላይ ተጠቀመበት። ካንሰር ያመጣል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

ድልድዩን በተመለከተ፣ ግራና ቀኙ ጥርሶችዎ ጤነኞች ከሆኑ እንዲሞረዱ አልፈቅድም። የተሞረደ የጥርስ ሽፋን አይመለስም። ቀድሞውኑ የተበሉ ወይም በትልቁ የተሞሉ ከሆኑ ግን ድልድዩ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ዋጋውም ይቀላል።

አሁን ስለ ቀለሙ። እህቴ፣ ጥርስዎ የቆሸሸ አይደለም፤ ባለመፋቅዎም አልመጣም። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የወንጂ የጉድጓድ ውኃዎች ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍሎራይድ የተገኘባቸው ነበሩ። ጥርስዎ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ በሕፃንነትዎ፣ ፍሎራይዱ ጎዳው፤ ቡናማው ቀለም የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። የስኳር ፋብሪካው ሠፈር ልጆች ሁሉ በዚህ ምክንያት አፋቸውን ሸፍነው ሲያድጉ አይቻለሁ፤ እጅግ ያሳዝነኛል።

ሰው ሠራሹ የሸክላ ጥርስ ቀለሙ የሚመረጠው የጥርስ ናሙናዎች ከተደረደሩበት መለኪያ ነው። የወንጂ ጥርስ ያለው ቡናማ ሰንበርና ነጭ ነጠብጣብ ግን እዚያ ውስጥ የለም፤ ቴክኒሻኑ በብሩሽ መሳል አለበት። ስለዚህ ቀለሙ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ። አፍ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ጥርስ ሲደርቅ ለጊዜው ስለሚነጣ ቀለሙ ይሳሳታል። ጎረቤት ጥርሶቹም ፎቶግራፍ ተነሥተው ለቴክኒሻኑ ይላኩ።

የሚተከለውን ዋጋ ሲጠይቁ ብሎኑ፣ ጥርሱን ከብሎኑ ጋር የሚያገናኘው ማያያዣና ላዩ ላይ የሚቀመጠው ጥርስ ለየብቻ ተጽፈው ይሰጡዎት፤ አንዳንዱ የብሎኑን ብቻ ነው የሚናገረው። የተተከለውን ብሎን ስምና ልክም በወረቀት ይቀበሉ። ከዓመታት በኋላ ማያያዣው ቢላላ፣ ሌላ ሐኪም ያለዚያ ወረቀት ተስማሚ መፍቻና መለዋወጫ ማግኘት ይቸገራል።

ባጃጁ ከመገልበጡ በፊት እየሳቁ የተነሡት ፎቶግራፍ ካለዎትም ፈልገው ያቆዩ። የወለቀው ጥርስ ሰንበሩ በየት በኩል እንደነበረ የሚነግረን እሱ ነው።