ከሽኝቱ ይልቅ የመጀመሪያው ሚድ

ሰላም ወንድሜ። አርባ ምንጭ ሲቪል ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት እንደሆንክ፣ አሁን ለእረፍት መንዝ፣ መሐል ሜዳ እንዳለህ ጽፈህልኛል። የድሮ ርዕሰ መምህርህ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡትን 6 ልጆች "አደራ፣ ያዝልን" ብለውሃል። ሦስቱ አንተው ግቢ ተመድበዋል። አንተ ግን "ጋሼ፣ እኔ ራሴ ፍሬሽ (አንደኛ ዓመት) እያለሁ ለጥቂት ነው ያልተባረርኩት፤ በምን አፌ ልምከር?" ትላለህ።

በዚያው አፍህ ነዋ!

እነዚህ ልጆች ምክር አልጎደላቸውም። ቄሱ ይመክራሉ፣ መምህሩ ይመክራል፣ አክስት በሶውን እየቋጠረች ትመክራለች። "አንገታችንን እንዳታስደፋን" ይባላሉ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን በሀገር ደረጃ ያለፉት 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እንደ መሐል ሜዳ ባለ ከተማ ያለፈ ልጅ የሰፈሩ ሁሉ ልጅ ነው፤ ገበያ ላይ ሳይቀር ስሙ ይነሳል።

ጣጣው የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ልጁ የመጀመሪያውን ሚድ፣ ማለትም የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና፣ ይፈተናል። ሒሳብ ወይ ሎጂክ ከ30 ዘጠኝ ያመጣል። ከልጅነቱ ጀምሮ ደረጃ ሲወጣ የኖረ ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ቁጥር በስሙ አይቶ አያውቅም። ለማን ይንገር? ቤት ቢደውል እናቱ ትደነግጣለች። የዶርም ልጆች ሁሉ ከእሱ የተሻሉ ይመስሉታል። ስለዚህ "ሁሉ ሰላም ነው" ይላል። ቀስ በቀስ ክፍል መግባት ይተዋል።

እኔም ብዬዋለሁ። ደብረ ሲና ላሉት ወላጆቼ አንድ ሙሉ ሴሚስተር "ሰላም ነው" ስል ከርሜ፣ ውጤት ሲለጠፍ ነው ጉዴ የታወቀው። ያን ጊዜ የሚያስፈልገኝ "እኔም ወድቄ ነበር" የሚለኝ አንድ የሀገር ልጅ ነበር።

ስለዚህ የልጆቹ ሽኝት ላይ ንግግር አታብዛ። የመጀመሪያ ሴሚስተር ጂፒኤህን (አማካይ ውጤትህን) ቁጥሩን ጠርተህ ንገራቸው። ከየትኛው ኮርስ እንደወደቅክ፣ ማን እንዳስጠናህ፣ እንዴት እንደወጣህበት ንገራቸው። ከዚያ የእያንዳንዳቸውን የሚድ ቀን ጠይቀህ ስልክህ ላይ መዝግብ። ውጤት በሚወጣበት ሳምንት ደውል። "ስንት አመጣህ?" አትበል፤ ይዋሽሃል። "የትኛው ጥያቄ ጣለህ?" ካልከው ያወራል።

አንድ ነገር ግን ከመሄዳቸው በፊት ይወቁት። ትምህርቱ አልሆነም ብሎ ሻንጣ አንስቶ መጥፋትና በሬጅስትራር በኩል የዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ) ቅጽ ሞልቶ መውጣት ለየቅል ናቸው። ቅጹን የሞላ ልጅ በኋላ አመልክቶ የመመለስ ዕድል አለው። ዝም ብሎ የጠፋው ግን ለመመለስ ፍዳውን ነው የሚያየው። ይህን ባለማወቅ ቀበሌ ለቀበሌ የሚንከራተቱ ልጆች አጋጥመውኛል።

አንተ ግቢ ለሚመጡት ሦስቱ ደግሞ ስለ ወባ ንገራቸው። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ወባን የሚያውቋት በወሬ ነው። አርባ ምንጭ ግን ቆላ ነው። የመንዝ ልጅ ሲያንቀጠቅጠው "ብርድ መታኝ" ብሎ ተሸፋፍኖ ይተኛል። ትኩሳት ከተሰማቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ክሊኒክ ሄደው ደም ይመርመሩ። አጎበርም ይያዙ። እናቶች ባና፣ ያን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ እናስይዝ ማለታቸው አይቀርም፤ በዚያ ሙቀት ባና ተሸክሞ መውረድ ግን ራሱን የቻለ ቅጣት ነው።

ሌላ ግቢ የተመደቡትን ሦስቱን ከሩቅ ለመያዝ አትድከም። እዚያ የሚማር አንድ የአካባቢያችሁን ሲኒየር ፈልገህ አገናኛቸው። ከስድስቱ ሁለቱ ሴቶች ናቸው ብለሃል። ለእነሱ ሴት ሲኒየር ፈልግላቸው። አንተ የቱንም ያህል ቅን ብትሆን፣ ማታ ከላይብረሪ ሲመለሱ ማን እንደሚያስቸግራቸው ላንተ አይነግሩህም።

"ሥራ ስፈልግ ይጠቅመኛል ወይ?" ላልከው፦ አዎ፣ ከተጻፈ። ሲቪህ ላይ "በጎ ፈቃደኛ" ብለህ ብቻ አትለፍ፤ እሱማ ሁሉም ይጽፈዋል። ስንት ልጆች ይዘህ፣ ለስንት ጊዜ፣ በየትኛው ኮርስ አስጠንተህ፣ ስንቱ ሁለተኛ ዓመት እንደገቡ ጻፍ። ቀጣሪው በቃለ መጠይቅ ሲጠይቅህ የምትተርከው ነገር ይኖርሃል።

ብቻ ራስህን እንዳትረሳ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ የለም፣ ማለፊያው ደግሞ 50 ነው። ስለዚህ ለስድስቱም በየቀኑ አትደውል። ፋይናል ላይ ስትሆን "እኔም ፈተና ላይ ነኝ፣ እሁድ እናውራ" በላቸው። ርዕሰ መምህሩንም አሁኑኑ የልጆቹን ስልክ ጠይቃቸው፤ መስከረም ከጠባ በኋላ ሁሉም ሲም ይቀይራል።